ቦርሳዬን ሱቁ ያዘብኝ፦ ከስርቆት ጭቅጭቅ በኋላ ዕቃችሁን እንዴት ታስመልሳላችሁ?

የእህቴ ልጅ 17 ዓመቷ ነው። አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰፈራችን ያለ ሱፐርማርኬት ገባች። የከንፈር ቅባት አነሳችና ዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ከተተችው። በር ላይ ጥበቃው ያዛት። ቅባቱን ተቀበሏት። ከዚያ የዋጋውን አስር እጥፍ ክፈይ አሏት። ከየት ታምጣው? «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ብለው ለቀቋት። ቦርሳዋን ግን አስቀሩት። ደብተሮቿ፣ የእናቷ የነበረ ሳምሰንግ ስልክ፣ የተማሪ መታወቂያዋና ምሳ ዕቃዋ ውስጡ ነበሩ።

በማግስቱ እኔ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ መታወቂያዋን ሊፈልግ መሳቢያውን ሳበ። እንደ መጫወቻ ካርታ በላስቲክ የታሰሩ መታወቂያዎች ተደርድረዋል። አብዛኞቹ የቀበሌ ናቸው። ከላይ አንድ መንጃ ፈቃድ አየሁ። «ባለቤቶቹ አይመጡም እንዴ?» አልኩት። «ያፍራሉ» አለኝ፣ ላስቲኩን እየፈታ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያች አንድ ቃል ምክንያት ነው። ሰው ስላፈረ መታወቂያውን ጥሎ ይቀራል። አንዳንዱ በርግጥ አንስቷል። አንዳንዱ ምንም አላነሳም፤ ግን የሰው ዓይን ፈርቶ አይመለስም። ሁለቱም ንብረታቸውን የማስመለስ መብት አላቸው። የስርቆቱ ጉዳይ ሌላ ነው፣ የቦርሳው ጉዳይ ሌላ ነው። ሁለት መዝገብ አድርጋችሁ አስቡት። ሱቁ ሁለቱን አንድ ላይ ሲጠፍራችሁ እናንተ ፍቱት።

ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ስድስት ዓመት ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። የምጽፈው በዋናነት አዲስ አበባን ይዤ ነው። ክልል ከተማ ያላችሁም መንገዱ ያው ነው፤ የሚለየው የምትሄዱበት ፍርድ ቤት ነው።

ሱቁ ምን መብት አለው?

መብት የለውም ብላችሁ አትነሱ። አለው። አንድ ሰው ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ የያዘ ማንኛውም ሰው፣ ጥበቃም ሆነ ገበያተኛ፣ ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል። ዋናው ነገር ማስረከቡ ነው። ሳይዘገይ በአቅራቢያው ላለ ጣቢያ ማስረከብ አለበት። መጋዘን ውስጥ ሁለት ሰዓት አስቀምጦ መመርመር፣ ማስፈራራት፣ ፎቶ እያነሱ «ግድግዳ ላይ እንለጥፍሃለን» ማለት ከዚህ መብት ውስጥ አይገባም። ሰውነትን መፈተሽም የፖሊስ ሥራ ነው፤ ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ነው የሚፈትሸው።

የራሱን ዕቃ ከእጃችሁ መልሶ መውሰድም ይችላል። የከንፈር ቅባቱ የሱቁ ነው፣ ይውሰድ።

የእናንተ ቦርሳ ግን የእናንተ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የንብረት መብትን ያስቀምጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማችኋል። አንቀጽ 1206 ባለቤት የሆነ ሰው ንብረቱን ያለ አግባብ ከያዘበት ሰው ላይ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። አንቀጽ 1149 ይዞታው የተወሰደበት ሰው ዕቃው እንዲመለስለትና ኪሣራ እንዲከፈለው መክሰስ እንደሚችል ይናገራል። ይህኛው ጊዜ ተቆርጦለታል፤ ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ብዙ ይመስላል። የሚያፍር ሰው ግን «ዛሬ ነገ» ሲል ያልፍበታል።

«ቅጣት ካልከፈልክ ቦርሳህን አንሰጥም» የሚለውን ነገር በተመለከተ፦ ቅጣት የሚጥለው ፍርድ ቤት ነው፣ ገንዘቡም የሚገባው ለመንግሥት ነው። ሱቅ የራሱን የቅጣት ታሪፍ ማውጣት አይችልም። ጉዳት ደርሶብኛል የሚል ከሆነ ይክሰስና ያስወስን።

ከሱቁ እንደወጣችሁ፣ በመጀመሪያው ሰዓት

ስልካችሁ ከቀረ ሌላውን ሁሉ ተዉትና በሰው ስልክ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውላችሁ ሲም ካርዱን አዘጉ። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ያላችሁበት ስልክ ከሆነ ባንካችሁንም ጥሩ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ነው። ሥራ አስኪያጁ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። ስልኩ ያለበት መሳቢያ ግን የስንት ሰው እጅ እንደሚገባበት አታውቁም። ጥበቃው በፈረቃ ይቀየራል፣ ካሸሯም ትቀየራለች።

ቀጥሎ ወረቀት አውጡ። በሰው ስልክ ላይም ቢሆን ጻፉ። ስንት ሰዓት ገባችሁ? ማን ያዛችሁ? ስሙን ካላወቃችሁ መልኩን፣ የለበሰውን፣ ደረቱ ላይ ያለውን ባጅ። ምን አሉ? ምን ወሰዱ? በአጠገባችሁ ማን ነበር? ይህንን በዚያው ቀን ያልጻፈ ሰው ሳምንት ቆይቶ ጣቢያ ሲጠየቅ ይንተባተባል። የተንተባተበን ሰው ደግሞ መርማሪ አያምነውም።

ከዚያ ቦርሳው ውስጥ የነበረውን ዘርዝሩ። «ቦርሳ ከነዕቃው» አይበቃም። የእህቴ ልጅ «ደብተሮች» ብላ ጀመረች። ስትቀመጥ አራት ደብተር፣ አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ፣ ቻርጀር፣ ጃንጥላና በቦርሳዋ የውስጥ ኪስ ያስቀመጠችው 600 ብር ወጣ። ለመምህሯ ልትሰጠው የነበረ የክፍል መዋጮ ነው። ገንዘቡን እናቷ ፊት መጥራት ፈርታ ነበር።

ዕቃው የእናንተ መሆኑን በምን ታሳያላችሁ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃን በእጁ የያዘ ሰው ባለቤቱ እንደሆነ ይገምታል። አሁን ዕቃውን የያዘው ማነው? ሱቁ። ስለዚህ ማስረጃ የማምጣቱ ሸክም ወደ እናንተ ይዞራል። ቦርሳና ደብተር ላይ ብዙ ክርክር አይነሳም። ክርክሩ የሚመጣው ከሌላ ሱቅ ገዝታችሁ የያዛችሁት ዕቃ ላይ ነው። ሻምፑ፣ የሕፃን ወተት፣ ቡና፣ ሱቁም የሚሸጠው ዓይነት ነገር። «ይሄም የኛ ነው» ይላሉ።

ደረሰኝ ካላችሁ አለቀ። ከሌላችሁ የገዛችሁበት ሱቅ ሄዳችሁ ጠይቁ። በካሽ ሬጅስተር የተሸጠ ነገር ቀኑና ሰዓቱ ይታወቃል። በቴሌብር ወይም በባንክ ከፍላችሁ ከሆነ የክፍያው መልእክት ስልካችሁ ላይ አለ። ስልኩ ሱቁ ጋ ከቀረ ደግሞ ባንኩ መግለጫ ይሰጣችኋል።

ለስልክ ካርቶኑን ፈልጉ። ጀርባው ላይ 15 አኃዝ ያለው የአይኤምኢአይ ቁጥር ተለጥፏል። ካርቶኑ ከጠፋም ስልኩ ሲመጣ *#06# ብትደውሉ ቁጥሩ ይወጣል፤ ሥራ አስኪያጁ ፊት አድርጉት። የስክሪን መቆለፊያውን በጣታችሁ መክፈትም ጥሩ ማስረጃ ነው። የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ የእናቷ ፎቶ ነበር፤ እናቷ አጠገቤ ቆማለች። ሥራ አስኪያጁ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እሷን አየና ዝም አለ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቦርሳ በር ላይ የሚያስቀምጡ ሱቆች ቁጥር ያለው ካርድ ወይም ፕላስቲክ ይሰጣሉ። ያቺን ነገር በምንም ዓይነት አትመልሱ፣ ዕቃችሁ እስካልመጣ ድረስ። ቦርሳውን በአደራ ተቀብለዋችኋል ማለት ነው፤ ካርዷ ለዚያ ምስክር ናት። ፎቶ አንሷት።

ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ግን ብቻችሁን አይደለም

ቅዳሜ ማታ አትሂዱ። ሰው ይበዛል፣ ሥራ አስኪያጁ ይጨናነቃል፣ ጥበቃው ይጮኻል። የሥራ ቀን ጠዋት፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱ። ኃላፊውን ጠይቁ። ከጥበቃ ጋር ክርክር ውስጥ አትግቡ፤ እሱ የተባለውን ነው የሚሠራው።

አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሽማግሌ ቢሆን ደስ ይላል። የሰፈሩን ሰው የሚያውቅ፣ ባለሱቁም የሚያውቀው። በእኛ አገር ግማሹ ጉዳይ የሚያልቀው «ጋሼ፣ እርሶ መጥተው» በሚለው ቃል ነው። ተደባዳቢ ወንድማችሁን ቤት ተዉት። ቡጢ ከተነሳ የቦርሳው ጉዳይ ይረሳና የድብደባ መዝገብ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ተከሳሹ እናንተ ናችሁ።

ምን ትላላችሁ? ይህቺን ያህል፦ «ማክሰኞ የተያዘ ቦርሳ አለ። የኔ ነው። ዝርዝሩ ይኸው። መውሰድ እፈልጋለሁ።» በቃ። ስለ ቅባቱ አታስረዱ። ይቅርታ መጠየቅ ከፈለጋችሁ ጠይቁ፣ ነውር አይደለም። ነገር ግን በወረቀት አይሁን።

ስለ ወረቀት ካነሳን፦ አንዳንድ ሱቅ የተዘጋጀ ቅጽ አለው። «እኔ እገሌ ይህን ዕቃ ሰርቄ ተይዣለሁ፣ ከአሁን በኋላ...» ይላል። ቦርሳችሁን ለማግኘት ብላችሁ አትፈርሙ። የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው፣ እንዲያምን አይገደድም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው። ፖሊስ ፊት እንኳ የማትገደዱትን ነገር ለካሸር ለምን ትፈርማላችሁ? ፈርማችሁ ከሆነ ደግሞ አትደንግጡ። ተገዳችሁ የፈረማችሁ መሆኑን በዚያው ሳምንት ለፖሊስ ቃል ስትሰጡ ተናገሩ።

የተነሳው ዕቃ ተበልቶ ወይም ተበላሽቶ ከሆነ ዋጋውን መክፈል ትችላላችሁ። እኔ ክፈሉ ባይ ነኝ። ግን የመደርደሪያውን ዋጋ ብቻ፣ በደረሰኝ። አስር እጥፍ አይደለም። ከፈልኩ ብላችሁም ሁሉ ነገር አለቀ አትበሉ። ፖሊስ ጋ መዝገብ ከተከፈተ የሚዘጋው ሱቁ አይደለም፣ ዐቃቤ ሕግ ነው የሚወስነው።

እምቢ ካሉ ደብዳቤ

ደብዳቤ የሚያስቃቸው ሰዎች አሉ። «በደብዳቤ ቦርሳ ይመለሳል?» ይላሉ። ይመለሳል። ሥራ አስኪያጁ ቃልን ይረሳል፤ ማህተም ያረፈበትን ወረቀት ግን ለባለቤቱ ማሳየት አለበት። ባለቤቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መሳቢያው የሚያውቀው ነገር የለም።

እንዲህ ጻፉ፦

ቀን፦ ............

ለ፦ ............ ሱፐርማርኬት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የግል ንብረቴ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ጥቅምት ... ቀን ... ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ በሱቃችሁ በተፈጠረ አለመግባባት ምክንያት የሚከተሉት ንብረቶቼ በሠራተኞቻችሁ እጅ ቀርተዋል፦ አንድ ጥቁር የጀርባ ቦርሳ፣ አንድ ሳምሰንግ ስልክ የአይኤምኢአይ ቁጥሩ ............ የሆነ፣ አንድ መታወቂያ፣ 600 ብር ጥሬ ገንዘብ። ንብረቶቹ የሱቁ አይደሉም። ለመያዣነት እንዲቀመጡም የተሰጠ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የለም። ስለሆነም ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በዝርዝር እንድታስረክቡኝ እጠይቃለሁ። በዕለቱ የተቀረጸው የካሜራ ምስልም እንዳይጠፋ እንድታስቀምጡ አሳስባለሁ። ይህ ካልተፈጸመ መብቴን በሕግ የማስከብር መሆኑን አስታውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

ስለ ስርቆቱ አንድም ቃል እንደሌለ አስተውሉ። «ባላነሳም»፣ «ባነሳም»፣ «በስህተት ኪሴ ገብቶ» የሚል ነገር የለም። ያንን መዝገብ እዚህ ወረቀት ላይ አትክፈቱት።

የካሜራው ዓረፍተ ነገር ለጌጥ አልገባም። የካሜራ መቅጃ ሲሞላ የድሮውን እያጠፋ ይቀዳል። ምንም ያላነሳችሁ ከሆነ ንጹሕነታችሁን የሚያሳየው፣ ቦርሳችሁንም ማን እንደወሰደው የሚናገረው እሱ ነው። ቶሎ ካልተጠየቀ ይጠፋል።

በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ስጡ፣ ሁለተኛው ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ ቀን፣ ፊርማና ማህተም አስደርጉ። አንቀበልም ካሉ ሁለት ሰው ባለበት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ቅጂያችሁ ላይ ሁለቱን ሰዎች አስፈርሙ። ወይም ፖስታ ቤት ሂዱና በአደራ ደብዳቤ ላኩት፤ የላካችሁበትን ደረሰኝ ያዙ።

ጣቢያ መሄድ

አምስቱን ቀን ሁልጊዜ መጠበቅ የለባችሁም። ስልካችሁን ሌላ ሰው ሲጠቀምበት ካያችሁ፣ ገንዘብ ካልከፈልክ አንሰጥም ካሉ፣ ወይም ፓስፖርት ከሆነ የተያዘው፣ በዚያው ቀን ሂዱ። ግርግር ላይ ካላችሁና ደህንነታችሁ ካሰጋችሁ ወደ ፖሊስ 991 ደውሉ።

የምትሄዱት ሱቁ ባለበት አካባቢ ወዳለው ጣቢያ ነው። ቤታችሁ ጋ ያለው ጣቢያ «የኛ ክልል አይደለም» ብሎ ይመልሳችኋል፤ ታክሲ ታባክናላችሁ።

መጀመሪያ ጠይቁ፦ «ሱቁ ዕቃዬን ለእናንተ አስረክቧል ወይ?» ይህ ጥያቄ መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል።

አስረክቧል ከተባላችሁ ዕቃችሁ ኤግዚቢት፣ ማለትም ለጉዳዩ ማስረጃ ተብሎ የተያዘ ዕቃ ሆኗል ማለት ነው። መዝገብ ቁጥሩንና የመርማሪውን ስም ያዙ። ኤግዚቢት ክፍል ያለ ዕቃ በመርማሪ ቃል ብቻ አይወጣም። ለምርመራው የማያስፈልግ ከሆነ፣ ለምሳሌ ደብተርና መታወቂያ፣ እንዲመለስላችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። መርማሪው ከዐቃቤ ሕግ ጋር ይነጋገርበታል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ማመልከቻውን የምታስገቡት ለያዘው ችሎት ነው። ዳኛው በመጨረሻ ሲወስን ስለ ኤግዚቢቱም ትእዛዝ ይሰጣል። «ለባለቤቱ ይመለስ» የምትለዋ መስመር ውሳኔው ላይ መኖሯን አይታችሁ ውጡ። ሳትጻፍ ከቀረች እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና ቀጠሮ ነው። የዚህ ዓይነት ሰው በየሳምንቱ ቢሯችን ይመጣ ነበር።

አላስረከበም ከተባላችሁ አቤቱታ አቅርቡ። ደብዳቤውን፣ ዝርዝሩን፣ ደረሰኙን፣ የበር ካርዷን አያይዙ። እዚህ ጋ አንድ መልስ ይጠብቃችኋል፦ «ይሄ ፍትሐ ብሔር ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ።» አንዳንዴ እውነታቸውን ነው። ሱቁ «የማን እንደሆነ አላወቅንም» ብሎ የያዘው ከሆነ ክርክሩ ፍትሐ ብሔር ይሆናል። የእናንተ መሆኑን እያወቀ ወስዶ ከተጠቀመበት ወይም ገንዘብ ለማግኛ ካደረገው ግን ወንጀል ይሸታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ስርቆትን፣ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደልን ያስቀጣል። በር ላይ በካርድ የተቀበለውን ቦርሳ «አላየሁም» ያለ ሰው ሁለተኛውን ማሰብ አለበት። ይህን በትሕትና ተናገሩ። አንቀጽ እየጠሩ መጮህ ጣቢያ ውስጥ ፍሬ የለውም፤ ወረቀት ላይ ግን ጻፉት።

ከመርማሪው ጋር ካልተግባባችሁ የጣቢያውን ኃላፊ አነጋግሩ። ከዚያ ቀጥሎ የክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ አለ።

በተግባር ያየሁትን ልንገራችሁ። አብዛኛው ጉዳይ ክስ አይደርስም። ፖሊሱ ስልኩን አንስቶ «የሰው ቦርሳ ይዛችኋል እንዴ?» ሲል ቦርሳው ይመጣል።

ልጅ ከሆነ

የወንጀል ሕጉ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ላሉት የተለየ ሥርዓት አለ። ከ15 እስከ 18 ያሉት የሚዳኙት በመደበኛው ሕግ ነው፤ ግን ቅጣት ሊቀልላቸው ይችላል። ስለዚህ የስምንት ዓመት ልጅ ከረሜላ ኪሱ ከተተ ብሎ የእናትየውን ቦርሳ የሚይዝ ሱቅ ምንም የሚቆምበት መሬት የለውም። ልጁን ቤት ገሥጹት፤ ቦርሳውን ግን ተቀበሉ።

ከጓደኛ ጋር ገብታችሁ ጓደኛችሁ ቢያነሳም ያው ነው። የእሱ ጥፋት ወደ እናንተ ስልክ አይተላለፍም።

መታወቂያና ፓስፖርት

መታወቂያ በሱቅ መያዣ አይሆንም። ብዙዎች ግን ከመጠየቅ ይልቅ ወረዳ ሄደው «ጠፋብኝ» ብለው አዲስ ያወጣሉ። ይህን አልመክርም። አልጠፋም፣ ተይዟል። ለጠፋ ምትክ ማስረጃ የምታወጡት ከፖሊስ ነው፤ ለፖሊስ ያልሆነ ነገር ቃል ሰጥታችሁ በኋላ መታወቂያው ከመሳቢያ ሲወጣ ጥያቄው ወደ እናንተ ይዞራል። የሆነውን ተናገሩ፦ «በዚህ ሱቅ ተይዞብኛል።» ፋይዳ ካላችሁ ዲጂታሉ ስልክ ላይ ስለሚወጣ እስከዚያ ያንን መጠቀም ትችላላችሁ።

ከውጭ ለእረፍት መጥታችሁ ፓስፖርታችሁ ከተያዘ አትለማመጡ። ፓስፖርት የሰጠው መንግሥት ንብረት ነው። ጣቢያ ሂዱ፣ ኤምባሲያችሁንም በዚያው ቀን አሳውቁ።

ፍርድ ቤት፣ ካስፈለገ

እውነቱን ልናገር። የ2 ሺህ ብር ቦርሳ ከሆነ ፍርድ ቤት አትሂዱ። ቀጠሮው፣ ታክሲው፣ ከሥራ መቅረቱ ከቦርሳው ይበልጣል። ላፕቶፕ ከሆነ፣ ወርቅ ከሆነ፣ የትምህርት ማስረጃ ከሆነ ሂዱ።

አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ክስ የሚቀርበው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ክሱ ላይ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዕቃው በዓይነት እንዲመለስ፣ ካልተገኘም ግምቱ እንዲከፈል። ሁለተኛውን የረሳ ሰው አሸንፎ ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል፤ ምክንያቱም ሱቁ «ጠፋ» ማለት ይችላላ። የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በግምቱ ላይ ነው። መክፈል የማይችል ሰው ዳኝነት ሳይከፍል ለመክሰስ ማመልከት ይችላል፤ ከወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገዋል።

ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌላት ሴት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ትጠይቅ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ፎቶአችሁን «ሌባ» ብሎ የለጠፈ ሱቅ ላይ የስም ማጥፋት ጥያቄም ይነሳል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ነው። ግድግዳው ላይ እንዳለ ፎቶ አንሱት። እሱ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ከቦርሳው ጋር አታደባልቁት።

ስትረከቡ

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ቀን ካንገራገረ በኋላ ደብዳቤውን ሲያይ ልጅ ላከና ቦርሳው ከመጋዘን መጣ። የፓስታ ካርቶን ተጭኖበት ጠፍጥፏል። ደስ አለኝ። «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ፣ ፈረምኩ። በር ላይ ቆመን ስንከፍተው ስልኩ አለ፣ ደብተሮቹ አሉ፣ ጃንጥላው አለ። ቻርጀሩና 600 ብሩ የሉም። ተመልሼ ስነግረው የፈረምኩትን ወረቀት አሳየኝ። «ሙሉ በሙሉ ተረክቤያለሁ» ይላል። ምን ልል እችላለሁ?

እናንተ መጀመሪያ ክፈቱ። ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ አውጡ፣ ከዝርዝራችሁ ጋር አመሳክሩ። ስልኩን አብሩ፣ ስክሪኑ መሰንጠቁን እዩ። አብሯችሁ የመጣው ሰው ቪዲዮ ይቅረጽ። ሁሉም ካለ ፈርሙ። የጎደለ ካለ «ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን አልተረከብኩም» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉበትና ከሥሩ ፈርሙ። ይህን አትጽፉም ካሏችሁ አትፈርሙ፤ ቦርሳውን በምስክር ፊት ተቀበሉ። ያለ ፊርማ አንሰጥም ካሉ ደግሞ ወደ ጣቢያ ተመለሱና ርክክቡ ፖሊስ ባለበት ይሁን። ወረቀቶቹን ሁሉ በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ ቢያንስ ሁለት ዓመት አስቀምጡ።

የክፍል መዋጮውን እኔ ከፈልኩላት። ምሳ ዕቃው ውስጥ የማክሰኞ ሽሮ ነበር፤ አርብ ዕለት እናቷ ሳትከፍተው ከነክዳኑ ጣለችው።